ንግድ ቤቱን የሚሸጥ ነጋዴ ማንን ወኪል ያድርግ?

ነጋዴ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሸጥ ይኖራል። ጨርቅ ይሸጣል፤ ቡና ይሸጣል፤ ቆርቆሮና ሚስማር፥ መድኃኒትና የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። በዚህም ሥራ ውስጥ የዋጋን መውጣትና መውረድ፥ የገዢን ፊትና የተፎካካሪን ዘዴ ለይቶ ያውቃል። አንድ ነገር ግን አብዛኛው ነጋዴ በሕይወቱ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሸጥም፤ ይኸውም ንግድ ቤቱን ራሱን ነው። በሌላው ሽያጭ ሁሉ የተፈተነው ሰው በዚህ ሽያጭ ጀማሪ ሆኖ ይቀርባል። ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው ገዢ ግን ብዙውን ጊዜ ኩባንያ ሲገዛ የኖረ፥ ጠበቃና ሒሳብ ዐዋቂ አስከትሎ የሚመጣ ነው። የሠላሳና የአርባ ዓመት ድካም ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚቈረጠው እንዲህ ሚዛኑ ባልተስተካከለ ጉባኤ ላይ ነው።

የመሸጥ ምክንያቱ ብዙ ነው። ልጆች ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የአባታቸውን የመጋዘን ቁልፍ ለመረከብ የማይፈልጉበት ጊዜ አለ፤ ሁለት ሸሪኮች ሳይጣሉ ለመለያየት ይሻሉ፤ ባለቤቱ ታሞ ወይም ደክሞት ያርፍ ዘንድ ይወዳል፤ ወይም ሳይታሰብ አንድ ትልቅ ኩባንያ መጥቶ «ልግዛ» ይላል። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» የሚለው ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድመው ጥያቄ ሽያጩን ማን ይያዘው የሚለው ነው፤ ዋጋውም ቢሆን በብዙው ከዚህ ምርጫ የሚከተል ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ንግድ ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ባለቤት ኢንቬስትመንት ባንክ የሚባለውን አማካሪ ይቀጥራል። ይህ ባንክ ስሙ ባንክ ይሁን እንጂ እንደ ንግድ ባንክ ተቀማጭ መቀበልና ቼክ መክፈል ዋና ሥራው አይደለም፤ ኩባንያ ሲሸጥ፥ ሲገዛ ወይም አክሲዮን ሲያወጣ ማማከርና ማዋዋል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከነዚህም ባንኮች መካከል በብዙ አገር ቅርንጫፍ ያላቸው፥ ብድርም አክሲዮንም ምክርም በአንድ ጣራ ሥር የሚሸጡ ታላላቆች አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ምክር ብቻ የሚሸጡ፥ ሠራተኞቻቸው ጥቂት የሆኑና አንዳንዶቹም በአንድ የንግድ ዘርፍ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ እነዚህን ቡቲክ ይሏቸዋል። ቡቲክ ማለት በፈረንሳይኛ ሱቅ ማለት ስለ ሆነ፥ ቃሉን ሲሰማ የልብስ መሸጫ ትዝ የሚለው አንባቢ ብዙ አልተሳሳተም። ሆኖም ሱቅ መባሉ ሁልጊዜ ትንሽነትን አያመለክትም፤ በ1995 እንደ ተቋቋመው ኤቨርኮር ያሉት ቡቲኮች የታላላቅ ኩባንያዎችን ሽያጭ ይይዛሉ። በ1996 የተቋቋመውና በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀው ግሪንሂል ደግሞ በ2023 ራሱ ተሸጦ የጃፓኑ የሚዙሆ ንብረት ሆኗል። ለመካከለኛው ነጋዴ የሚሆኑት ግን ከነዚህ እጅግ የሚያንሱ፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ወይም ዐሥር ሰው ብቻ የሚሠራባቸው ቤቶች ናቸው።

የባንኮቹ አመጣጥ ራሱ ለባለሱቅ እንግዳ አይደለም። ሄንሪ ሌማን የተባለ ከባቫሪያ የተሰደደ ወጣት በ1844 በአላባማ፥ በሞንትጎመሪ ከተማ የጨርቃ ጨርቅና የልዩ ልዩ ዕቃ ሱቅ ከፈተ። ሁለት ወንድሞቹም ተከትለውት መጡ። ደንበኞቻቸው ገበሬዎች ስለ ነበሩና የዕቃውን ዋጋ በጥሬ ጥጥ ይከፍሉ ስለ ነበር፥ ባለሱቆቹ ቀስ በቀስ የጥጥ ነጋዴዎች ሆኑ፤ በ1858 በኒው ዮርክ ቢሮ ከፈቱ፤ በመጨረሻም ባንክ ሆኑ። የላዛርድ ወንድማማቾችም በ1848 በኒው ኦርሊንስ ጨርቅ በመሸጥ ጀምረው ነው ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የምክር ቤት ያቆሙት። ሌማን ብራዘርስ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 የመክሰሩን ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቀረበ፤ ዓለምም ተናወጠ። ባንኩ ቢጠፋም በስሙ የሚጠራ አንድ የኮሚሲዮን አከፋፈል እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ነጋዴውም አማካሪ ሲመርጥ በመጀመሪያ ሊመረምረው የሚገባው ይህንኑ ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ከሽያጩ ዋጋ ከመጀመሪያው ሚሊዮን ዶላር ላይ 5 ከመቶ፥ ከሁለተኛው 4፥ ከሦስተኛው 3፥ ከአራተኛው 2፥ ከዚያ በላይ ካለው ሁሉ 1 ከመቶ ለአማካሪው ይሰጣል። አንዳንዶች ይህን እጥፍ አድርገው ይጠይቃሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ለሻጩ የሚያደላ ይመስላል፤ ዋጋው ከፍ ባለ ቍጥር የኮሚሲዮኑ መጠን እየቀነሰ ይሄዳልና። በእስክሪብቶና በወረቀት ሲፈተን ግን ሌላ ነገር ይታያል። በ10 ሚሊዮን ዶላር በተሸጠ ድርጅት አማካሪው 200,000 ዶላር ያገኛል። አሁን ገዢው 10 ሚሊዮን አቅርቦ ሳለ ሦስት ወር ተጨማሪ ቢለፋና ሌላ ገዢ ቢፈለግ 11 ሚሊዮን ይገኛል እንበል። ከዚህ ከጭማሪው ሚሊዮን ለሻጩ 990,000 ዶላር ሲደርሰው ለአማካሪው የሚደርሰው 10,000 ብቻ ነው። ለሦስት ወር ልፋት 10,000 የሚቈጠርለት፥ ዛሬ ቢፈርም ግን 200,000 የሚቀበል ሰው ለደንበኛው ምን ብሎ ይመክራል? ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ደግም ሆኖ «ገበያው ሊበላሽ ይችላል፤ ይህ ገዢ እንዳያመልጠን» ማለት ይቀለዋል።

ይህን የሚያቀና ሌላ አከፋፈል አለ፤ ይኸውም አቅጣጫው የተገለበጠው ነው። ለምሳሌ እስከ 10 ሚሊዮን ድረስ 1 ከመቶ ተኩል፥ ከዚያ በላይ ካለው ላይ ግን 5 ከመቶ ቢሆን፥ አማካሪው በ10 ሚሊዮን 150,000፥ በ11 ሚሊዮን 200,000፥ በ12 ሚሊዮን 250,000 ያገኛል። ሻጩም አማካሪውም በዚያች በመጨረሻዋ ሚሊዮን ላይ አንድ ዐይን ይኖራቸዋል። እርግጥ ነው፥ ኮሚሲዮኑ ከፍ የሚልበት መስመር ዝቅ ብሎ ከተሰመረ አማካሪው ያልደከመበትን ይበላል። ስለዚህ መስመሩ የሚሰመረው አንዱ አማካሪ በነገረው ዋጋ ላይ ሳይሆን፥ ሻጩ ሁለት ሦስት አማካሪዎችን ካነጋገረ በኋላና የራሱ ሒሳብ ዐዋቂ ግምቱን ካየው በኋላ መሆን አለበት። ይህን ዐይነት አከፋፈል ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጠቍር አማካሪ ካለ፥ በሚናገረው ዋጋ እርሱ ራሱ እንደማያምን መገመት ይቻላል።

ስለሚናገረው ዋጋም ቢሆን ነገር አለ። ሥራውን ለማግኘት ሲል ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚጠራ አማካሪ በየትም አገር አይጠፋም። ባለንግድ ቤቱ በፍቅር ያሳደገው ድርጅት ከፍ ተደርጎ ሲጠራለት ልቡ ይደሰታል፤ ይፈርማልም። ከፈረመ በኋላ ለብዙ ወራት ከሌላ አማካሪ ጋር እንዳይነጋገር በውል ታስሯል። ስድስት ወር ሲያልፍ የመጀመሪያው ዋጋ ቀስ በቀስ እየተረሳ «ገበያው የሚለው ይህን ነው» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ስለዚህ ከዋጋው ይልቅ የዋጋው ምክንያት ይጠየቅ፦ በምን ያህል ዓመታዊ ትርፍ ላይ ተመሥርቶ፥ በስንት ተባዝቶ፥ በቅርብ ከተሸጡት ተመሳሳይ ድርጅቶች ከየትኞቹ ጋር ተነጻጽሮ?

በነዚህ አገሮች መካከለኛ ድርጅት ሲገመት፥ ብዙ ጊዜ ወለድ፥ ግብርና የንብረት እርጅና ተቀናሽ ሳይደረግ ያለው ዓመታዊ ትርፍ ተወስዶ በአንድ ቍጥር ይባዛል። በዚህ ስሌት ውስጥ የመዝገብ ክፍሉ ሥራ በድንገት ወርቅ ይሆናል። ባለቤቱ በድርጅቱ ስም የሚከፍለው የቤተሰብ መኪና ነዳጅ፥ የቤት ኪራይ፥ ሥራ ላይ የማይገኝ ዘመድ ደመወዝ ሁሉ ለገዢው የማይቀጥል ወጪ ስለ ሆነ ወደ ትርፉ ይመለሳል፤ ነገር ግን በደረሰኝ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ትርፉ 400,000 ሆኖ በ5 ቢባዛ ዋጋው 2,000,000 ነው። እንዲህ ያለ የግል ወጪ 60,000 መኖሩ በሰነድ ቢረጋገጥ ትርፉ 460,000 ይሆንና ዋጋው 2,300,000 ይደርሳል። በየመሳቢያው ተጠቅልሎ የቀረ የ60,000 ደረሰኝ የ300,000 ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። ዐዋቂ አማካሪ ገዢ ከመጥራቱ በፊት ሳምንታትን እዚያ መሳቢያ ውስጥ ያሳልፋል፤ ምን ወጪ ለግብር እንዴት እንደ ተመዘገበም ቀድሞ ይጠይቃል፤ አለዚያ ገዢው በምርመራው ጊዜ ያገኘዋልና።

ሁለተኛው ታላቅ ጥያቄ ሥራውን በእውነት የሚሠራው ማን ነው የሚለው ነው። የታላቅ ባንክ ስም በካርድ ላይ ታትሞ ሲታይ ያስደስታል። ነገር ግን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሚመጡት ሽማግሌ ውሉ በተፈረመ ማግስት ወደ ሌላ ታላቅ ደንበኛ ይሄዳሉ፤ ለመካከለኛው ነጋዴ የሚቀሩት ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጡ ልጆች ይሆናሉ። የድራጎን ሲስተምስ ታሪክ በዚህ ረገድ ሊነበብ የሚገባው ነው። ጄምስና ጃኔት ቤከር የተባሉ ባልና ሚስት በ1982 በማሳቹሴትስ የመሠረቱት ይህ ኩባንያ የሰው ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመሥራት ስሙ የታወቀ ነበር። ለመሸጥ ሲወስኑ ጎልድማን ሳክስን በ5 ሚሊዮን ዶላር ቀጠሩ። ክፍያው ከዋጋው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ሳይሆን አንድ ቁርጥ ገንዘብ ነበር። በ2000 ኩባንያው ለርኖት ኤንድ ሆስፒ ለተባለ የቤልጅግ ድርጅት በ580 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ፤ ዋጋው ግን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በገዢው አክሲዮን የተከፈለ ነበር። በዚያው ዓመት የገዢው ሒሳብ ሐሰተኛ መሆኑ ተገለጠ፤ ድርጅቱም ከሰረ፤ የባልና ሚስቱ አክሲዮን ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ባለቤቶቹ ባንኩን ከሰሱ። ክርክራቸው ባንኩ ገዢውን በሚገባ አልመረመረልንም የሚል ነበር። ባንኩ ደግሞ የገዢውን ሒሳብ መመርመር የሒሳብ መርማሪዎች ሥራ እንጂ የእኔ ግዴታ አይደለም ሲል ተከራከረ። በ2013 በቦስተን የተቀመጠው የዳኝነት ሸንጎ ለባንኩ ፈረደ። ይህ ፍርድ ለባንኩ ነጻነት ቢሆንም ለሻጮች ሁሉ ትምህርት ነው፤ አማካሪ ሊሠራ የሚገደደው በውሉ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ባለቤቱ በልቡ «ይህንንማ ይሠራልኛል» ብሎ ያሰበው በወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም። የገዢውን አቅምና ሒሳብ ማን ይመረምራል? ዋጋው በአክሲዮን ወይም በዱቤ የሚከፈል ከሆነ የማን አደጋ ነው? ከአማካሪዎቹ መካከል በስም እገሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእያንዳንዱ ድርድር ላይ ይገኛል ተብሎ ተጽፏልን? ትንሹ ቡቲክ ከታላቁ ባንክ የሚበልጥበት ዋና ነገር ይህ ነው፦ ባለሱቁ ራሱ ከመደርደሪያው ኋላ ይቆማል። ባለሱቁ ከሌለበት ግን የቡቲክነቱ ጥቅም ቀርቷል።

ሦስተኛው ጥያቄ አማካሪው ከገዢዎቹ ጋር ያለውን ዝምድና የሚመለከት ነው። በ2011 ሩራል ሜትሮ የተባለ የአምቡላንስ ኩባንያ በአሜሪካ ተሸጠ፤ የሻጩ አማካሪ ሆኖ የሠራው አር ቢ ሲ ካፒታል ማርኬትስ በአንድ ወገን ሻጩን እያማከረ በሌላው ወገን ለገዢው የግዢውን ብድር ለማቅረብ ይፈልግ ነበር። የዴላዌር ፍርድ ቤት በ2014 ባንኩ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፍል ፈረደ፤ የክፍለ ሀገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2015 ፍርዱን አጸና። ብድር የማይሰጥ ቡቲክ ከዚህ ዐይነቱ ፈተና ነጻ ነው ይባላል፤ በከፊልም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ትንሹ ቡቲክ በየዓመቱ ከአንድ ገዢ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ የሚዋዋል ከሆነ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያየው ሻጭ ይልቅ ሁልጊዜ የሚመለስለትን ገዢ ማስደሰት ሊያምረው ይችላል። ስለዚህ ያለፉት ዓመታት ሥራው ሁሉ፥ የገዢዎቹም ስም በጽሑፍ ይጠየቅ። የተሳኩትን ሽያጮች ብቻ ሳይሆን ያልተሳኩትንም ይጠይቅ፤ ከፈረሰው ሽያጭ ባለቤት ጋር በስልክ ዐሥር ደቂቃ መነጋገር ከታተመው የማስታወቂያ መጽሔት ይልቅ ብዙ ያስረዳል።

አንዳንድ ነጋዴ «ገዢዎቼን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ አማካሪ ለምን ያስፈልገኛል?» ይላል። እውነትም ያውቃቸው ይሆናል። ነገር ግን ተፎካካሪውን ራሱ ሄዶ «ልሸጥ ነው» ያለ ባለቤት በሳምንቱ ወሬው ከደንበኞቹ፥ ከአቅራቢዎቹና ከባንኩ ደርሶ ያገኘዋል። ዱቤ የሚሰጠው ይሰበስባል፤ ጥሩ ሻጭ ሠራተኛው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የአማካሪ ጥቅም በዚህ ይታያል፦ በመጀመሪያ የድርጅቱ ስም የሌለበት አንድ ገጽ መግለጫ ይበተናል፤ የወደደው ገዢ ምሥጢር ለመጠበቅ ከፈረመ በኋላ ብቻ ስሙንና ሒሳቡን ያያል፤ ሁሉም ሐሳባቸውን በአንድ ቀን እንዲያቀርቡ ይደረጋል። ለንግድ ቤቱ ጸሐፊም ቢሆን ትንሽ የማይባል ነገር አለ፤ ያልታወቁ ሰዎች ከረቡዕ እስከ ዐርብ መጋዘን ሲለኩ ከታዩ ምሥጢሩ በቡና ሰዓት ያልቃል። ብልህ አማካሪ ጕብኝቱን በሰንበት ወይም ከሥራ ሰዓት በኋላ ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ጊዜ ግን ሻጩ አንዱን ገዢ መርጦ፥ ለስድሳ ወይም ለዘጠና ቀን ከሌላ ጋር ላለመነጋገር ቃል ከገባ በኋላ የሚመጣው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ኀይሉ በሻጩ እጅ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ገዢው ይዞራል። ገዢው መዝገቡን ያገላብጣል፤ በመጋዘን የከረመ ዕቃ ያገኛል፤ ያልተሰበሰበ ዱቤ ያገኛል፤ ባለቤቱም በሽያጩ ሐሳብ ተይዞ ሳለ የወሩ ሽያጭ ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ከዚያም ሰነዱ ሊፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው «ዋጋው ከመቶ ዐሥር ይቀነስ» የሚል ደብዳቤ ይልካል። ሌሎቹ ገዢዎች ሄደዋል፤ ባለቤቱ በልቡ ጡረታ ወጥቷል፤ ለልጆቹም ነግሯል። የአማካሪ ዋጋ የሚታወቀው በዚያች ሌሊት ነው። ያኔ «ይቅር፥ አንሸጥም» ለማለት የሚደፍርና ሁለተኛውን ገዢ በር ላይ እንዲቆይ አድርጎ ያቆየ ሰው ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ውይይት ላይ «ከዚህ በፊት እንዲህ ሲደረግባችሁ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ውሉ ራሱ በጥንቃቄ ይነበብ። አማካሪዎች ወርኀዊ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ይህም ሽያጩ ሲፈጸም ከሚከፈለው ኮሚሲዮን ላይ የሚቀነስ መሆኑ ይጻፍ። ዋጋው በከፊል ወደፊት በሚገኝ ትርፍ ልክ የሚከፈል ከሆነ፥ ኮሚሲዮኑም ገንዘቡ እጅ ሲገባ ይከፈል እንጂ ገና በተስፋ ባለ ገንዘብ ላይ አይታሰብ። በሙያው ቋንቋ «ጅራት» የሚሉት አንቀጽ ደግሞ አለ፤ ይኸውም ውሉ ከፈረሰ በኋላ እንኳ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ድርጅቱ ቢሸጥ አማካሪው ኮሚሲዮኑን ይቀበላል የሚል ነው። በመሠረቱ ፍትሐዊ ነው፤ አለዚያ ሻጩ አማካሪውን አሰናብቶ እርሱ ላመጣው ገዢ ይሸጣል። ነገር ግን ጅራቱ አማካሪው በእውነት ላነጋገራቸው፥ ስማቸው በዝርዝር ለተያያዘ ገዢዎች ብቻ መሆን አለበት። ለሃያ ዓመት የሻጩ ደንበኛ የሆነው ሰው በዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ አስቀድሞ ይነገር።

በአሜሪካ አክሲዮን እያሻሻጠ ኮሚሲዮን የሚቀበል ሰው በመሠረቱ መመዝገብ ያለበት ሲሆን፥ ከማርች 2023 ጀምሮ ግን የትናንሽ ድርጅቶችን ባለቤትነት የሚያሻሽጡ ወኪሎች በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ከፌዴራሉ ምዝገባ ነጻ ሆነዋል። በዋሽንግተን አካባቢ የምግብ ቤት ወይም የነዳጅ ማደያ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል፤ ወኪል ነኝ ያለ ሁሉ ተመዝጋቢ አይደለምና።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ነጋዴም እንደ ቀድሞው የሩቅ ወሬ አይደለም። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣና የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ፥ በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ኢንቬስትመንት ባንኮች ፈቃድ አግኝተዋል። ስለዚህ «ኢንቬስትመንት ባንክ ነኝ» ለሚል ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ የባለሥልጣኑ ፈቃድ የት አለ የሚለው ይሆናል። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ስሱ ነው። ቀድመው ፈቃድ ካገኙት መካከል ንግድ ባንኮች ያቋቋሟቸው ይገኛሉ። የወላጁ ባንክ ባለዕዳ የሆነ ነጋዴ የልጁን ባንክ አማካሪ ሲያደርግ፥ ለአማካሪው የሚገልጠው ምሥጢር ከአበዳሪው ጠረጴዛ ላይ እንዳይደርስ በጽሑፍ ምን ዋስትና አለው? ሽያጩ ተፋጥኖ ብድሩ እንዲከፈል የሚፈልገው ማን ነው? እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ተቋሞቹን መጠራጠር አይደለም፤ በዴላዌር የተፈረደው ነገር በዚያ ብቻ የሚቀር ስላልሆነ ነው። ጠበቃውም ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን ሊጠየቅ ይገባል፤ የንግድ መደብሩን መሸጥና የማኅበሩን አክሲዮን መሸጥ በሕግም በግብርም የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፤ የትኛው እንደሚሸጥ ሳይወሰን ስለ ዋጋ መነጋገር ትርጉም የለውም።

ለሁሉም ነጋዴ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሀብቱ በአንድ ሱቅ፥ በአንድ ጥሩ ማእዘንና በዕለት ገበያ ላይ ያለ ባለቤት፥ የታመነ ጠበቃ፥ ጥንቁቅ ሒሳብ ዐዋቂና ሰፈሩን የሚያውቅ ደላላ ይበቁታል፤ ለባንክ የሚከፍለው ዝቅተኛ ክፍያ ብቻውን የሽያጩን ጥቅም ሊበላበት ይችላል። ይህን ለእንዲህ ዐይነቱ ባለቤት ፊት ለፊት ነግሮ ሥራውን አልቀበልም የሚል ቡቲክ ካለ፥ ትልቁ ጎረቤቱ ስሙን ቢጽፈው መልካም ነው።

ከዚያ በላይ የሆነው ነጋዴ ሦስት አማካሪዎችን ይምረጥ። ለሦስቱም አንድ ዐይነት ደብዳቤ በአንድ ቀን ይላክ፤ በደብዳቤውም ሥራውን በስም ማን እንደሚይዘው፥ የትኞቹን ገዢዎች እንደሚያውቁ፥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ለምትገኘው ለእያንዳንዷ ሚሊዮን ስንት እንደሚጠይቁ ይጠየቅ፤ ድርጅቱ አነስተኛ ከሆነ ቍጥሩ በልኩ ይቀነስ። መልሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ምናልባት አንዱ በሚያምር ወረቀት ዋጋ ጽፎ ይልካል፤ ሌላው በስልክ ይደውላል። ሦስተኛው ደግሞ ዋጋ ከመናገሩ በፊት የሦስት ዓመት የሒሳብ መዝገብ፥ የዱቤ ዝርዝርና የመጋዘኑ ቈጠራ እንዲላክለት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ለሻይ የሚጠራው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሲመጣም ፋይሎቹ ተዘጋጅተው በጠረጴዛው ላይ ይጠብቁት።